ከፊልህ ሾዘን ቢያቀብልህ

በሳዑዲ ጂዛን፣ በሳምጣ ዙሪያ ማሽላ የምትጠብቅ፣ ከብት የምታግድ ወይም በመዝረዓ፣ በእርሻው ውስጥ ውሃ የምታጠጣ ከሆንክ ይህ ጽሑፍ ላንተ ነው። ወደ ተራራው ወጥተህ በፈይፋ፣ በዓሪዳ ወይም በዳዪር ዝንጀሮ ስታባርር የምትውለውንም ይመለከትሃል። ጉዳዩ አጭሩ ጠመንጃ ነው። አረቦቹ ሾዘን ይሉታል፤ አገር ቤት ሾትጋን የሚባለው፣ በአንድ ተኩስ ብዙ የእርሳስ ፍሬ የሚረጨው ማለት ነው። ከቱርክና ከቻይና የሚመጣው ርካሹና አጭሩ ዓይነት ከፒክአፕ ወንበር ጀርባ ሸጎጥ ይላል፤ ባለቤቶቹ የሚወዱትም ለዚሁ ነው።

ማታ ማታ ባለቤቶቹ ተሰብስበው ስለ ጠመንጃቸው ሲያወሩ አንተ ሻይ እየቀዳህ ትሰማለህ። የሚሉት ሁሉ ውሸት ነው አልልም። የሚያወሩት ግን ስለራሳቸው ነው፦ ዜጎች ናቸው፣ ስማቸው የሚታወቅ ጎሳ አላቸው፣ ነገሩ ቢበላሽ የሚቆምላቸው ሰው አለ። ነገ ጠዋት ከመካከላቸው አንዱ "እንካ ይህን ያዝ፣ ዝንጀሮውን አባርርልኝ" ቢልህ የማታው ወሬ ላንተ አይሠራም። ስለዚህ ከወሬው የሚጠቅምህን ለይተህ ያዝ።

መጀመሪያ፦ ባለቤቶቹ የሚሉትን አበጥር

በብዛት የምትሰማው ውዳሴ "ማነጣጠር አያስፈልገውም" የሚለው ነው። አፈሙዙ አጭር ስለሆነ ፍሬው ወዲያው ይበተናል፣ ወደ አካባቢው ካዞርከው ይበቃል ይላሉ። እውነቱ ሌላ ነው። ፍሬው ምን ያህል እንደሚበተን በዋናነት የሚወስነው የአፈሙዙ ጫፍ ጥበትና የጥይቱ ዓይነት እንጂ ርዝመቱ አይደለም። ጫፉ ካልጠበበ አፈሙዝ የወጣ ፍሬ፣ በግምት፣ በእያንዳንዱ ሜትር ሁለት ሴንቲ ተኩል ያህል ይሰፋል። አምስት ሜትር ላይ ስፋቱ የሻይ ሰሃን እንኳ አያክልም። ሳታነጣጥር ብትተኩስ የፈለግከውን ትስታለህ። ወደ አርባ ሜትር ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ገደማ ይሆንና ዘጠኙ ትላልቅ ፍሬዎች የትኛው የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። አንዱ ዝንጀሮውን ቢያገኘው ስምንቱ አልፈው ይሄዳሉ። ከባዱ ፍሬ ከ300 ሜትር በላይ እንደሚጓዝ አስብና ከማሳው ማዶ ማን ከብት እያገደ እንዳለ ራስህን ጠይቅ። ብዙ ጊዜ የአገርህ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ውዳሴ "ቀላል ነው" የሚለው ነው። ቀላል መሆኑ እውነት ነው፤ ግን የቀለለ ጠመንጃ በዚያው ልክ ይራገጣል። ያንኑ ጥይት ከከባዱ ጠመንጃ ስትተኩስ ብረቱ ራሱ ግማሹን ይችልልሃል፤ ከቀላሉ ስትተኩስ ትከሻህ ይቀበለዋል። ሰደፉ ተቆርጦ በእጅ መያዣ ብቻ የቀረውማ የእጅ አንጓ ያጣምማል፣ ፊት ይመታል። ድምፁም እንዲሁ ነው። "ድምፁ ብቻ ያባርራል" ሲሉ እንደ ጥቅም ይቆጥሩታል። አፈሙዙ ባጠረ ቁጥር ግን ፍንዳታው ወደ ጆሮህ ይቀርባል። የሾዘን ድምፅ ከ150 ዴሲቤል ይበልጣል፤ አንድ ተኩስ ብቻውን ለዘለቄታው የመስማት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ባለቤቱ በዓመት ሁለት ጊዜ በሠርግ ላይ ይተኩሳል። አንተን በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ሊያስተኩስህ ነው።

ሦስተኛው ስለ ዋጋው ነው። "የአሜሪካው ቅጂ ነው፣ ልዩነት የለውም" ይላሉ። ከቻይናዎቹ አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ገበያ ላይ የወጣው የሬሚንግተን 870 ቅጂ መሆናቸው እውነት ነው። ቱርኮቹም ቢሆኑ በዚህ ሥራ ጀማሪ አይደሉም፤ በኮንያ ክፍለ ሀገር ቤይሼሂር አካባቢ ጠመንጃ መሥራት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነው፣ ጥሩ የሚሠሩም አሉ። ወሬው የሚስተው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ርካሹ ርካሽ የሆነው በማይታየው የውስጥ ብረት፣ በሞላ ጥራት፣ በብረት ፈንታ በገባ ፕላስቲክና በላዩ ላይ ባለው ቅብ ነው። እነዚህ ሁሉ በጂዛን ይፈተናሉ። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ አየሩ ጨውና ወበቅ ነው። ስስ ቅብ የተቀባ ብረት ዘይት ሳይነካው ከሰነበተ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል። በሞቃቱ ወራት የሚነሳው፣ ጉብራ የሚሉት አቧራ ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ መዝጊያውን ያጣብቀዋል። በራሱ የሚያቀባብለው ዓይነት በዚህ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይነክሳል፤ ባለቤቶቹም "መጀመሪያ ከባድ ከባድ ጥይት ተኩሰህ ካላላመድከው አይሠራም" ብለው ራሳቸው ያማርራሉ። በእጅ እየተሳበ የሚያቀባብለው፣ ፓምፕ የሚሉት፣ ይሻላል። ይህን የምነግርህ እንድትመርጥ አይደለም። የነከሰ ጠመንጃ በእጅህ ቢገባ ጥይት ውስጡ ቆሞ እንደሆነ እንድታውቅ ነው።

ስለ መለዋወጫ ሲነሳ ወሬው ዝም ይላል። ዝምታውን ልብ በል።

ቀጥሎ፦ ጠመንጃው ከየት እንደመጣ አትጠይቅ፣ ግን ገምት

ቃሉን አስተውል፦ አትጠይቅ። አንተ መርማሪ አይደለህም፤ ጥያቄህ ራሱ ሌላ ነገር ይመስላል። ግን በልብህ ለሁለት ክፈለው። ሳምጣ ድንበር ናት፤ ከጡዋል ማዶ የመን ነው። ከሰዓዳ ከተማ በስተሰሜን ያለው የሱቅ አል ጠልሕ ገበያ መሣሪያ እንደ ሽንኩርት ተደርድሮ የሚሸጥበት ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሲወራለት የኖረ ነው። በዚያ በኩል የመጣኸው አንተ ከእኔ የተሻለ ታውቀዋለህ። ርካሽ የቱርክ መሣሪያ ወደዚያ ሲጎርፍ የታየውም ዛሬ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 የዱባይ ፖሊስ ከቱርክ ተነስቶ ወደ ሰዓዳ ሊገባ የነበረ 16,000 ሽጉጥ መያዙን አስታውቆ ነበር።

ስለዚህ አሠሪው ከፊልህ የሚያቀብልህ ጠመንጃ ወይ በስሙ የተመዘገበ ነው፣ ወይ በዚያ መንገድ የገባ ነው። የሳዑዲ የጦር መሣሪያና ጥይት ሕግ ከ1426 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የአደን ጠመንጃንም ይጨምራል፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ያሳስራል፣ ገንዘብም ያስቀጣል። በስሙ የተመዘገበ ቢሆን እንኳ ፈቃዱ የእሱ ነው። አንተ እጅ ሲገባ ፈቃዱ አብሮህ አይመጣም። ተፍቲሽ፣ ፍተሻ ላይ ቢይዙህ "የከፊሌ ነው" ማለትህ የእሱን ችግር ያበዛ ይሆናል እንጂ ያንተን አያቃልልም። ፍርድህን ጨርሰህም የሚጠብቅህ ተረሒል፣ ከአገር መባረር ነው።

"ለአደን ነው፣ ለዝንጀሮ ነው" የሚለው ምክንያትም አያዋጣም። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ማዕከል አደንን በፈቃድና በወቅት ገድቦታል፤ ሾዘን ለአደን መጠቀምም ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ ነው። የአካባቢ ደህንነት ልዩ ኃይል የሚባሉት በዚህ ሰው ሲይዙ በየጊዜው ይሰማል። የዝንጀሮውን ጉዳይ ማዕከሉ ራሱ በደቡብ ምዕራብ በፕሮግራም ይዞታል። ባለ መሬቱ አቤት ማለት ያለበት ለእነሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፈው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ድንበር ላይ ገድለዋል ብሎ ከሷል፤ የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። ክርክሩን ለባለ ክርክሮቹ ትተን፣ በዚያ ጠረፍ ላይ ጠይም ወጣት ጠመንጃ አንግቦ በሩቅ መነጽር ቢታይ ምን ተብሎ እንደሚገመት ማሰብ አያቅትህም። ከተማ ያለ ሰው ይህን ላያስበው ይችላል፤ ጠረፍ ያለህ አንተ ግን ልታስበው ግድ ነው።

ከዚያ፦ እንዴት እምቢ ትላለህ

ፊት ለፊት "አልይዝም" ብትለው ሰውዬው ይናደዳል፤ ፈሪ ነህ ይልሃል። በሰው ፊት አትመልስለት። ለብቻው ስታገኘው፣ በተለይ ከበላ በኋላ፣ በዝግታ ንገረው፦ "ያ ዓም፣ አና ራዒ፣ ማ ዓንዲ ሩኽሰት ሲላሕ። ማምኑዕ ዐለይ።" እረኛ ነኝ፣ የመሣሪያ ፈቃድ የለኝም፣ ለእኔ ክልክል ነው። ከዚህ በላይ አታብራራ። ብዙ ማብራሪያ መከራከሪያ ይሰጠዋል። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ለእሱ ጥቅም አድርገው፦ ፖሊስ ቢያገኘኝ አንተን ነው የሚጠይቁህ በለው። ይህ ደግሞ እውነት ነው። ለዘበኝነት ነው የምፈልግህ ካለህም በዚያ አገር የጥበቃ ሠራተኛነት በሕግ ለዜጋ የተተወ ሥራ መሆኑን እሱም ያውቃል፤ በመኖሪያ ፈቃድህ፣ በኢቃማህ ላይ የተጻፈውን ሙያ አሳየው።

አሁንም ከገፋበት፣ ሥራውን አትከልክለው፤ መሣሪያውን ብቻ ተው። "ውሻ አምጣልኝ፣ ፋኖስ አምጣልኝ፣ እኔ እጠራሃለሁ አንተ ትተኩሳለህ" በለው። ብዙውን ጊዜ ሰውዬው የሚፈልገው እንቅልፉን ነው፤ በሌሊት ተጠርቶ እንደሚመጣ ሲያውቅ ውሻው ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ በቃል ካልከው በኋላ በዋትሳፕ አንድ አጭር መልእክት ላክለት፦ ስለ ጠመንጃው የነገርኩህ ፈቃድ ስለሌለኝ ነው፣ አትቀየመኝ ዓይነት። ድምፅም ይሆናል። ትሕትናውን ይወደዋል፤ አንተ ደግሞ ቀኑና ሰዓቱ ያለበት ማስረጃ ይኖርሃል። ኢቃማ ካለህ በ19911 ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ደውለህ ማመልከት ትችላለህ። ኢቃማ ለሌለህ ይህ ስልክ ብዙ አያወጣህም፤ ላንተ ያለው ምርጫ ሥራ መቀየር ነው። ከባድ ምክር መሆኑን አውቃለሁ።

በጠመንጃው ፎቶ አትነሳ። ባዶም ይሁን፣ ቀልድም ይሁን፣ ለእጮኛም ይሁን። ቲክቶክ ላይ የወጣ ፎቶ ባለቤቱ "እኔ አልሰጠሁትም" ባለ ቀን በገዛ እጅህ ያቀረብከው ማስረጃ ይሆንብሃል።

ሻሱን፣ ፒክአፑን የምትነዳ ከሆነ ደግሞ ከመነሳትህ በፊት የወንበሩን ጀርባ ተመልከት። ጠመንጃው ካለ፣ ቁልፉን አስቀምጠህ ከፊልህ እንዲያነሳው ንገረው። እሱ አብሮህ እየተጓዘ ከሆነ እሱ ይንዳ።

እምቢ ብለህም አብረህ ከዋልክ፦ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ጠመንጃ እወቅ

እምቢ ማለት ጠመንጃውን ከጎጆው አያወጣውም። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ፍራሽ ሥር ገብቶ፣ ከውሃ ሞተሩ አጠገብ ተደግፎ ታገኘዋለህ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምጽፈው የአማራ ልጅ፣ የገጠር ልጅ ከሆንክ "ጠመንጃ አውቃለሁ" ስለምትል ነው። ታውቃለህ፤ ግን የምታውቀው ክላሽ ነው፣ ከፍ ካለም የአባትህ ምንሽር ነው። ያ ዕውቀት እዚህ ያሳስትሃል።

ክላሽ ካዝናው ይወልቃል። ካወለቅከው በኋላ መዝጊያውን ስትስብ ውስጥ የቀረችው አንዷ ትወጣለች፤ አለቀ። አብዛኛው ፓምፕ ሾዘን የሚወልቅ ካዝና የለውም። ጥይቱ የተደረደረው ከአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ ነው፤ ከውጭ አይታይም። አንዴ ስበህ አንድ ጥይት ስትወጣ "ባዶ ሆነ" ካልክ ስተሃል፤ መልሰህ ስትገፋው ሌላዋን አጉርሰሃል። ብዙ ሰው የሚባርቅበት በዚህች ቅጽበት ነው።

ስለዚህ ከቦታው ማንሳት ግድ ከሆነ፣ ልጅ ሊነካው ሲል ወይም ሊወድቅ ሲል፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አፈሙዙን ወደ አሸዋው፣ ከእግርህ ራቅ አድርገህ አዙር። ወደ ሲሚንቶ ወለል፣ ወደ ድንጋይ፣ ወደ ቆርቆሮ ግድግዳ አይሁን፤ ፍሬው ነጥሮ ይመለሳል፣ ቆርቆሮውን ደግሞ እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። ጣትህን ከምላጩ አርቀህ በጎኑ ዘርጋ። የመቆለፊያዋን አዝራር ተጫን፤ አብዛኛውን ጊዜ ከምላጩ ከለላ ኋላ ወይም ፊት ናት። ቀዩ ቀለበት ከታየ ለመተኮስ ክፍት ነው፣ ካልታየ ዝግ ነው። ግን በዚህች አዝራር አትተማመን፤ በአብዛኛው ሾዘን ላይ የምትቆልፈው ምላጩን ብቻ ነው፣ መምቻው ከውስጥ እንደተሳበ ነው። ከወደቀ ሊባርቅ ይችላል።

ፓምፑ ካልተሳበልህ ጠመንጃው ተቀባብሏል ማለት ነው። በጉልበት አትታገለው። ከምላጩ ከለላ አጠገብ ያለችውን ትንሽ መልቀቂያ ተጫንና በዝግታ ወደ ኋላ ሳብ። ጥይት ወጣች? እንደገና። ወጣች? እንደገና፤ ምንም እስከማይወጣ። ከዚያ ክፍት አድርገህ ያዘው፣ በዓይንህ እይ፣ በጨለማ ከሆነ ትንሿን ጣትህን አስገብተህ ዳስስ፤ ጥይቱ የሚቀመጥበትንም፣ የቱቦውን አፍም። ሁለቱም ባዶ ሲሆኑ ብቻ ባዶ ነው። ባለ ሁለት አፈሙዙ ይቀላል፤ ላዩ ላይ ያለችውን ቁልፍ ወደ ጎን ስትገፋ መሃሉ ላይ ታጥፎ ይከፈታል፣ ሁለት ቀዳዳ ታያለህ።

አጭሩን በተመለከተ አንድ ልዩ አደጋ አለ። ረጅም ጠመንጃ ስትይዝ ግራ እጅህ ከአፈሙዙ ጫፍ ሩቅ ነው። በጣም ባጠረው ላይ እጅህ ትንሽ ቢንሸራተት መዳፍህ አፈሙዙ ፊት ይገኛል። ሲዞርም ቶሎ ይዞራል፤ ሳታስበው የራስህን እግር፣ የጓደኛህን ሆድ ያልፍበታል።

በመጋዝ ተቆርጦ ያጠረ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትንካው። ከፋብሪካ ያጠረውንና የተቆረጠውን በዓይን ትለያለህ፤ የተቆረጠው ጫፉ ላይ ማነጣጠሪያዋ የለችም፣ ከንፈሩ ሸካራ ነው፣ ቅቡ ተልጦ ነጭ ብረት ይታያል። እንዲህ ያለ ጠመንጃ በብዙ አገር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። አሜሪካኖች እንኳ፣ በጠመንጃ ነገር እጀ ሰፊዎቹ፣ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ከ18 ኢንች፣ ማለትም ከ46 ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች የሆነውን ያለ ልዩ ምዝገባ አይፈቅዱም። ሰው የሚያሳጥረው ለመደበቅ ነውና ፖሊስ ሲያየው መጀመሪያ የሚያስበውም ያንኑ ነው።

ስለ ጥይቱም ጥቂት። አፈሙዙ ጎን ላይ 12/70 ወይም 12/76 ተቀርጾ ታገኛለህ። 12 የውፍረቱ ቁጥር ነው፣ ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ 70 ወይም 76 የጥይቱ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው። 76ቱን ጥይት በ70ው ውስጥ መተኮስ ግፊቱን ከመጠን በላይ ያደርገዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ቢጫዋ ጥይት ናት። ቢጫ የሚቀባው ባለ 20 ቁጥሩ፣ ቀጠን ያለው ጥይት ነው፤ ቀለሙም እንዲለይ ተብሎ ነው። በ12 ጠመንጃ ውስጥ ከገባ ተንሸራትቶ አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ከኋላ ስታየው ባዶ ይመስላል። ሰው "ከሸፈ" ብሎ ሌላ 12 አጉርሶ ሲተኩስ ጠመንጃው በእጁ ላይ ይፈነዳል። ቀይና ቢጫ ጥይት በአንድ ቆርቆሮ ተደባልቆ ካየህ ለባለቤቱ ንገረው። ይህን ቢያንስ በደስታ ይሰማሃል።

ከባረቀ

ሰው ከተመታ በመጀመሪያ ደሙን አቁም። ብዙ ትናንሽ ቀዳዳ ይሆናል፤ ብዙ ወደሚደማው ሂድና በንጹሕ ጨርቅ፣ ከሌለ በሽርጥህ፣ በሁለት እጅህ ተጭነህ ያዝ። እጅ ወይም እግር ከሆነና ካልቆመ ከቁስሉ በላይ በኩል ጠበቅ አድርገህ እሰር፣ ያሰርክበትን ሰዓት አስታውስ። ፍሬውን ለማውጣት አትሞክር። ውሃ አታጠጣው። 997 ደውል፤ ቀይ ጨረቃ ነው። መኪና ቀድሞ ከተገኘ ወደ ሳምጣ አጠቃላይ ሆስፒታል።

አትሽሽ። ይህን የምለው መሸሽ ምን ያህል እንደሚያጓጓ እያወቅኩ ነው። ሆስፒታሉ የጥይት ቁስል ሲያይ ለፖሊስ ያሳውቃል፤ ባንተ በኩል የተፈጠረው ስህተት መሆኑን የሚያሳየው አንዱ ነገር አለመሸሽህ ነው። በስህተት መግደልና አስቦ መግደል በዚያ አገር ሕግ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የስህተቱ እንኳ ቀላል አይደለም፤ የደም ካሳው፣ ዲያ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ለስህተት 300,000 ሪያል ሆኖ ተወስኗል። ይህን በዓመት ደሞዝህ አካፍለውና ስንት ዓመት እንደሚወጣው እይ። አስቦ ከተባለ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል፤ የሟች ቤተሰብ አንገት ሊጠይቅ ይችላል።

ጣቢያ ላይ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ ያልገባህን ወረቀት በጣት አሻራ አታጽድቅ። ቆንስላ እንዲጠራልህ የመጠየቅ መብት አለህ፤ ሳዑዲ የተቀበለችው የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት ይህን ይሰጥሃል። ለጂዛን የሚቀርበው ጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ነው። የጅዳውን ስልክ ዛሬውኑ፣ ምንም ሳይሆን፣ ከስልክህ ውጭ በወረቀት ጻፈው፤ ስትታሰር መጀመሪያ የሚወሰደው ስልክህ ነውና።

በጠመንጃው ፈንታ

ማሽላ ጥበቃ ለእኛ አዲስ ሥራ አይደለም። ቆላ ያደገ ሰው ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ ሲወነጭፍ ነው የኖረው። ለወፍ ያው ይሠራል፤ ወንጭፉ፣ ጅራፉ፣ የተንጠለጠለ ጣሳ፣ በነፋስ የሚያብለጨልጭ ቴፕ። ወፍ ስለሚለምድ በየሦስት በአራት ቀኑ ቦታ ቀይር፣ ድምፁን ቀያይር። የበሰለው ማሽላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ካልተሰበሰበ ማንም ሰው፣ ማንም ጠመንጃ አያድነውም፤ ለከፊልህ አጨዳውን እንዲያፋጥን መንገር ከመተኮስ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ዝንጀሮ ግን ከባድ ነው። ሁለት ውሻ ከአንድ ሾዘን ይሻላል። የመንጋው አውራ ጥይት ሰምቶ ቢሸሽም ተኳሹ ሲተኛ ተመልሶ ይመጣል፤ ውሻ አይተኛም። ቆሻሻውን ቅበር፣ የተረፈ ዳቦ አትጣል፣ መንገደኛ እየቆመ ሙዝ ሲወረውርላቸው ካየህ ለባለ መሬቱ ንገር። ሰውን ያልለመደ ዝንጀሮ በወንጭፍም ይሄዳል።

ሌባ ከመጣ መብራት አብራ፣ ጩህ፣ ደውል። የከፊልህ ፍየል ናት።

አገር ቤት ስትገባ

ያ ወሬ ጆሮህ ውስጥ ቀርቶ "ቤቴ ስገባ እንዲህ ያለ አንድ እገዛለሁ" ብለህ ከሆነ፣ በሻንጣም በሰውም አትላክ። በክፍልፋይ፣ ሞላውን ለብቻ አፈሙዙን ለብቻ የሚለው የጓደኛ ምክርም ያው ነው፤ ክፍሉም እንደ ሙሉው ይቆጠራል። በኢትዮጵያ ጉዳዩን የያዘው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ነው። ፈቃድ ከመግዛት ይቀድማል እንጂ ገዝቶ ማስመዝገብ የሚባል ነገር ላይ አትመካ። አሁን ባለው የአማራ ክልል ሁኔታ ደግሞ ከውጭ ተመልሶ ወዲያው መሣሪያ የሚፈልግ ሰው ለምን እንደፈለገው ሁለት ሦስት ወገን ይጠይቀዋል።

ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ሾዘን ለገጠራችን የማይመች ዕቃ ነው። የክላሽ ጥይት የሚያገኝ ሰው ባለ 12 ቁጥር ጥይት አያገኝም። የወረቀት ቀለህ ያለው ደግሞ አንዴ ወበቅ ከገባበት ያብጥና አይጎርስም። ሲሰበር ሞላዋን የሚሠራ ባለሙያ ለማግኘት ጎንደርና ደሴ መመላለስ ይሆናል፤ የአባትህን ምንሽር ግን የሰፈሩ ቀጥቃጭ ያውቀዋል።